ስፖንጅን የሚገራ ሰው ፍለጋ

ሶፋ ሠሪዋ በሥራ ሰዓት ብዙ አትናገርም። ጠባይዋ ሆኖ አይደለም፤ አፏ ሥራ ስለሚይዝ ነው። ከአባቷ በወረሰችው ልማድ ጥቃቅኑን የሶፋ ሚስማር ዘግና አፏ ውስጥ ትጨምርና፣ አንድ አንዱን በምላሷ ወደ ከንፈሯ እየገፋች፣ በሁለት ጣቷ እየተቀበለች፣ ጨርቁን ወጥራ ትመታለች። እጅ ወደ ሚስማር ቆርቆሮ ሲመላለስ የሚባክነውን ጊዜ አባቷ «የሰነፍ መንገድ» ይሉት ነበር። ስለዚህ ደንበኛ ሲገባ በቅንድቧ ሰላም ትላለች፤ «መቼ ይደርሳል?» ሲሏት በጣቷ ታሳያለች፤ ጎረቤቷ ብረት በያጁ ቀልድ ሲወረውርባት በአፍንጫዋ ትስቃለች።

ውሻውን ያመጣባት አንድ ደንበኛ ነው። የተዘነጣጠለ ሶፋ ሊያሳድስ መጣ። «ምን ነክቶት ነው?» ብትለው ወደ መኪናው ሄደና፣ አንድ ጆሮው ቆሞ ሌላው የወደቀ ቡችላ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተመለሰ። «ይኸው» አለ። ሶፋው ታድሶ ወጣ፤ ቡችላው ግን እዚያው ቀረ። ገና ከመሬት እንደወረደ የገባው ስፖንጅ ክምር ውስጥ ስለነበር ስሙም ስፖንጅ ሆነ።

ስፖንጅ አድጎ ጎረምሳ ሲሆን እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከቆዩበት ሐኪም ቤት ወጡና ወደ እሷ መጡ። ከሥራ ቤቱ ጀርባ፣ ከጠባቧ ኮሪደር ማዶ ያለውን ክፍል ሰጠቻቸው። ሐኪሙ «ይራመዱ» ብሎ ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ አሸክሟቸው ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ተራምጄ የት ልደርስ ነው?» አሉ። ልጃቸው ለመነች፣ ነርሷ ተቆጣች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ጠዋት ስፖንጅ የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ነክሶ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። እናቲቱ እየተሳደቡ መደገፊያውን ጨብጠው ተነሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ውሻውን ለመሳደብ ይነሳሉ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን ስፖንጅ እናቲቱ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር ካለበት ተስፈንጥሮ ይመጣና ሁለት የፊት እግሮቹን መደገፊያው ላይ ይሰቅላል። ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍላቸው ውስጥ ሲንጎራደዱ ዞር ብሎም አያያቸውም። ኮሪደሩ ላይ ነው የሚያብደው። ሶፋ ሠሪዋ ጥበቱ ይሆናል የሚያስጨንቀው ብላ ኮሪደሩን ከተደረደሩ ጣውላዎች ሁሉ አጸዳችው። ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ይኸው ሲሆን ታላቅ ወንድሟ ቆሞ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲመጣም እንደ ጭነቱ ከብዶ ነው የሚመጣው። እናታቸው ሊቀበሉት ወጡ፣ ስፖንጅ ተወረወረ፣ መደገፊያው ተንገዳገደ፣ እናቲቱ ወደ ኋላ ሄዱ። ደግነቱ የወደቁት ትናንት ተሠርቶ ባለቀ የደንበኛ ሶፋ ላይ ነው።

«ይመቻል» አሉ እዚያው እንደተንጋለሉ። «ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል።»

ወንድሟ አልሳቀም። «ዛሬ ሶፋ ተገኘ። ነገ ሲሚንቶ ቢሆንስ?»

ሚስማሩን መዳፏ ላይ ተፋችና «አሠለጥነዋለሁ፣ ጋሼ» አለች።

«ከጉዞ እስክመለስ ጊዜ አለሽ። ያኔም እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ለመኪና ማቆሚያው ዘበኛ እሰጠዋለሁ። ሰውየው ሰንሰለት ገዝቶ ውሻ እየፈለገ ነው።»

ወንድሟ ልክ ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ውሻው ከሄደ እናቷ ፊታቸውን መልሰው ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ውሻው ከቀረ ደግሞ አንድ ቀን ይጥላቸዋል። መካከል ላይ ያለው መንገድ ደህና አሠልጣኝ ማግኘት ብቻ ነው።

ሰው ስትመርጥ አንድ ዘዴ አላት። ወንበር ስታይ ከፊት አይደለም የምትጀምረው፤ ገልብጣ ሥሩን ነው የምታየው። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። አሠልጣኝንም እንዲሁ ገልብጬ አያለሁ አለች። ሰው ግን እንደ ወንበር በቀላሉ አይገለበጥም።

መጀመሪያ የሄደችው ሰፈሩ ሁሉ «ኮማንደሩ» ወደሚለው ሰው ነው። ጫማው የሚያበራ፣ ሲናገር ደረቱ ቀድሞ የሚወጣ ሰው። ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ስፖንጅን በሰንሰለት ይዞ «ቁጭ በል» አለና ሰንሰለቱን ነጠቅ አደረገው። ስፖንጅ ሲጥ ብሎ ተቀመጠ። «ተኛ» አለው፤ ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት ውሻው ሜዳው ላይ እንደ ወታደር ሆነ። ቤት ሲገባ እናቲቱ ከኮሪደሩ ብቅ አሉ፤ ወታደሩ ማዕረጉን ጥሎ ተስፈነጠረ። ሶፋ ሠሪዋ ደርሳ በጉልበቷ ባትገታው ኖሮ አልቆ ነበር።

«ቤት መጥተው ቢያዩት?» ብላ ኮማንደሩን ጠየቀችው።

«እህቴ፣ ውሻ የሚሠለጥነው ሜዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠለጥነው ሰው ነው።»

«እናቴን የሚጥላት ግን ቤት ውስጥ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ሰንሰለቱን ጠንከር አድርጊው።»

ያን ጊዜ ነው ገልብጣ ማየቱ ትዝ ያላት። «የራስዎን ውሻ ላየው እችላለሁ?» አለችው። ኮማንደሩ በኩራት ወደ አጥሩ ወሰዳት። ትልቅ፣ ጸጉሩ የሚያብለጨልጭ ውሻ ነው። ባለቤቱን ሲያይ ጭራውን እግሮቹ መካከል ቀብሮ ከመሬት ተጣበቀ። እሷም የስፖንጅን አንገት ዳሰሰች፤ ከጸጉሩ ሥር ቆዳው ተልጦ ነበር። የስፖንጅን ማሰሪያ ያዘችና ዞር ሳትል ሄደች። መንገዱን ሙሉ በራሷ ስትናደድ ነበር። ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ጥያቄ በሁለተኛው ሳምንት መጠየቅ ምን ይሉታል?

ሁለተኛው ወጣት ነበር። ወገቡ ላይ ከታሰረችው የብስኩት ቦርሳ የተነሳ ብረት በያጁ ገና ሲያየው «ብስኩቴ» ብሎ ሰየመው። ብስኩቴ አይቆጣም፣ አይጎትትም፤ ይህንን ወደደችለት። ከትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን ክብ ሠርቶ ያስተምራል። ስፖንጅ በክፍሉ ጎበዝ ወጣ። ቦርሳዋ ስትከፈት ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ለሰላምታ እጁን ይሰጣል፤ ሳይጠየቅም ሦስቱንም በተርታ ያደርጋል። ቦርሳዋ የሌለች ቀን ግን ብስኩቴን ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ሰው ያልፈዋል። በመጨረሻ ፎቶግራፍ ያለበት የምስክር ወረቀት ተሰጠው። እናቲቱ አልጋቸው ራስጌ ላይ አሰቀሉት።

«ከኔ በላይ ተማረ እኮ» አለ ብረት በያጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ነገ ደግሞ ሥራ ፈልጊለት።»

የምስክር ወረቀቱ በተሰቀለበት ከሰዓት በኋላ ምሩቁ እናቲቱን ኮሪደሩ ላይ አግኝቶ ከግድግዳ አጣበቃቸው። ብስኩቴ ተጠራ። አላፈረም።

«እትዬ፣ ቀላል ነው። እናትዎ ብስኩት ይያዙ።»

«እናቴ ሁለት እጇም መደገፊያው ላይ ነው። ብስኩቱን በምኗ ትያዘው?»

ልጁ አሰበ። «በኪሳቸው?»

«ከዚያ ከኪሷ ማን ያወጣላታል?»

ብስኩቴ ስፖንጅን ተመለከተ። ስፖንጅ ቦርሳዋን ተመለከተ። ሶፋ ሠሪዋ ደሟ ፈላ፤ ግን ልጁ ትሑት ስለሆነ ምን ትበለው? ሚስማሯን ዘግና አፏን ሞላችና ሥራዋን ቀጠለች። ለቁጣም ይረዳል፤ ሚስማር የጎረሰ ሰው ክፉ ቃል አያመልጠውም።

ወንድሟ በመንገድ ላይ እየደወለ «እንዴት ነው ውሻው?» ይላል። «ተመርቋል» ትላለች። «መመረቁን አልጠየቅኩሽም።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ሁልጊዜ ደህና መልስ የሚመጣላት።

የስፖንጅን የአንገት ቁስል ያየው የእንስሳት ሐኪም ስለ አንዲት ሴትዮ ነገራት። «ማስታወቂያ አታስነግርም። ጥያቄ ታበዛለች፤ ሰው ይሰለቻል። ግን ወደኔ በሷ እጅ ተጎድቶ የመጣ ውሻ የለም።» ሶፋ ሠሪዋ ይህንን እንደ ወንበር ሥር ቆጠረችውና ደወለች።

ሴትዮዋ ስለ ዕድሜውም ስለ ዘሩም አልጠየቀችም። «የሚሳሳተው የት ቦታ ነው?» አለች።

«ኮሪደሩ ላይ። እናቴ ላይ።»

«ከመሳሳቱ በፊት ምን ይታያል? ምን ይሰማል?»

«ምን ይሰማል? የኔ ጩኸት ነዋ የሚሰማው።»

«እሱ በኋላ ነው። በፊት ነው የጠየቅኩዎት።»

ሶፋ ሠሪዋ አላወቀችም። ባለማወቋም ተናደደች፤ ሁለት አሠልጣኝ ሸኝታ ይህቺን የምታህል ጥያቄ መመለስ አለመቻሏ አንጀቷን አሳረረው።

ሴትዮዋ በማግስቱ ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ላይ ሰንሰለትም ቦርሳም የለም። ስፖንጅ አሽትቷት ሲጨርስ ገና ያልለበሰ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አልዳበሰችውም፤ አላናገረችውም።

«እንግዲህ?» አለች ሶፋ ሠሪዋ።

«ይሥሩ። እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩት።»

ተመልካች እኮ አልጠራሁም፣ አለች በልቧ። የሚረከቡት ሰዎች የሚጠብቁት ባለ ክንድ ወንበር ነበረባት። ሚስማሯን ጎረሰች፣ ላስቲኩን ወጠረች፣ መምታት ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ስፖንጅ የቆዳውን ጥቅል ማሽተት ጀመረ። አፏ ሙሉ ነውና በመዶሻው የወንበሩን እንጨት ኳ፣ ኳ አደረገችው። ስፖንጅ ቆዳውን ትቶ ተስፈንጥሮ መጣና ሁለት እግሮቹን እንጨቱ ላይ ሰቀለ። እሷም ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ ከቆዳ ቁራጮች አንዷን ጣል አደረገችለትና ቀጠለች።

«ይህንን ደግመው ያሳዩኝ» አለች ሴትዮዋ።

ሶፋ ሠሪዋ ግራ ገባት። ሚስማሩን ተፋች። «የቱን?»

«አሁን ያደረጉትን።»

«ምን አደረግኩ?»

ብረት በያጁ ከበሩ ላይ ሆኖ «ኳ ኳ አድርገሽ ጠራሽዋ» አለ። «ሁልጊዜ እንዲህ አይደል የምትጠሪው? እኔ እንኳ አንዳንዴ የጠራሽኝ ይመስለኛል።»

ደገመችው። ኳ፣ ኳ። ስፖንጅ እንጨቱ ላይ ተሰቀለ፤ ምላሱን አውጥቶ ቆዳውን ጠበቀ። ሴትዮዋ ወደ ኮሪደሩ ዞራ «እማማ፣ እስቲ ወደዚህ ብቅ ይበሉልኝ» አለች፤ አንድ እጇንም በስፖንጅ ደረት ዙሪያ አሳለፈች። ከምንጣፉ ጫፍ ላይ የመደገፊያው ብረት ከሲሚንቶው ጋር ተገናኘ። ኳ። እናቲቱ ራመድ አሉ። ኳ። ስፖንጅ ሴትዮዋ እጅ ውስጥ እንደ ተጫነ የሶፋ ሞላ ተወጠረ።

መጀመሪያ የገባው ለሶፋ ሠሪዋ ነው፤ ፊቷ ጋለ።

«ይህ ውሻ ባለጌ አይደለም» አለች ሴትዮዋ። «በጣም ታዛዥ ነው። ኳ ሲባል መጥቶ ይሰቀላል። ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት፤ ደግሞም ጥሩ አድርገው ነው ያሠለጠኑት።»

«ሳላውቀው?»

«ሳያውቁት።» ከዚያ ዝቅ ብላ የመደገፊያውን እግሮች ተመለከተች። «ይህ ሲሸጥ ጎማ ነበረው። የት ሄደ?»

እናቲቱ መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ልጃቸው «እማዬ?» አለች።

«ነቅዬ ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ» አሉ። «ምን ላድርግ? በልጄ ቤት እንደ ሌባ ኮቴዬን አጥፍቼ ልሂድ? ስመጣ ይሰማ ብዬ ነው።»

«ተሰማ እኮ፣ እማዬ። በደንብ ተሰማ።»

ሴትዮዋ መፍትሔውን ስትናገር ሶፋ ሠሪዋ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ጠላችው። አንደኛ፣ ሚስማር አፍ ውስጥ አይገባም፤ ውሻው የሚጠራው በአፍ እንጂ በመዶሻ አይደለም። ጎማዎቹም ይመለሳሉ። ግን ጎማ ይወልቃል፣ ይረሳል፤ ስለዚህ ስፖንጅ «ኳ» እየሰማ «ቆይ» ሲባል መቆየትን ይማራል። መጀመሪያ ድምፁ ከሩቅ፣ ቀስ እያለ ወደ ቅርብ። እናቲቱም ይለማመዳሉ።

«እኔ ሚስማር መጉረስ የተማርኩት ከአባቴ ነው» አለች ሶፋ ሠሪዋ። «ሌላ አሠራር አላውቅም።»

«ውሻውም እንደዚያው ነው።»

«በስንት ጊዜ ይለቀዋል?»

«አላውቅም። ውሻውን ከሁለት ቀን በኋላ እገምትልዎታለሁ። እርስዎን ግን አላውቅም።»

ኮማንደሩ ገና በስልክ በሳምንታት ቆርጦ ነግሯት ነበር። ብስኩቴ የምረቃውን ቀን ሳይቀር አሳውቋት ነበር። ይህቺ አላውቅም አለች። ሶፋ ሠሪዋም የቸኮለ ደንበኛ ስንት ጊዜ «ዛሬ በይኝ ብቻ» ብሎ እንደለመናት፣ ዛሬ ብላ የዋሸች ሶፋ ሠሪ ሥራዋ እንዴት እንደሚሆንም ታውቃለች። «የእርስዎን ውሻ ማየት እችላለሁ?» አለች፤ አሁን በመጀመሪያው ቀን።

«ከበሩ ውጭ ነው ያለው።»

እውነትም ነበር። ሽማግሌ ውሻ ከብረት በያጁ ደጃፍ ጥላ ሥር፣ ማሰሪያ ሳይኖረው ተጋድሞ፣ የሚረግፈውን ብልጭታ እየተመለከተ ነበር። ሴትዮዋ በጣቷ መሬቱን ስታሳየው ጭራውን እያወዛወዘ ተነስቶ መጣ። የሥሩ ስፌት ደህና ነው፣ አለች ሶፋ ሠሪዋ በልቧ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ግን የሚወራለት አይደለም። ጫፉ ማግኔት የሆነ መዶሻ ገዛች፤ ሚስማሩን ከቆርቆሮው እየለቀመ ያነሳል የተባለለት። ያነሳል፤ ግን አንዱን አንጋድዶ፣ ሌላውን ገልብጦ። በአንድ ጠዋት የምትጨርሰው ወንበር ቀኑን ይበላል። እጇ ሳታውቀው ሚስማር ዘግኖ ወደ አፏ ይሄዳል፤ ብረት በያጁም ከማዶ ሆኖ «ተፊ» ይላታል። እንዲጠብቃት የለመነችው ራሷ ነች፤ አሁን ግን ድምፁን ስትሰማ መዶሻውን ልትወረውርበት ይቃጣታል። እናቲቱ ጎማውን ሲያደርጉለት መደገፊያው ወለሉን እየያዘ ይጎትታቸዋል፤ አንዱን ያወልቁና «ሦስቱ አለ» ይላሉ። ስፖንጅ አንድ ቀን ይቆያል፣ በማግስቱ ሁሉንም ረስቶ ይሰቀላል። ሴትዮዋ እየመጣች ትመለከታለች፤ ውሻውን «ጎበዝ» ትለዋለች፣ ሶፋ ሠሪዋን ግን አንድም ቀን ጎበዝ ብላት አታውቅም።

«ስንት ደረስን?» ትላለች ሶፋ ሠሪዋ።

«እሱ ከእርስዎ ይቀድማል» ትላለች ሴትዮዋ።

ወንድሟ ሳይደውል መጣ። ከበሩ ላይ ቁልፉን እያሽከረከረ ሲቆም እሷ የአንድ ትልቅ ሶፋ ጀርባ ወጥራ ይዛ ነበር። ሥራው ዘግይቷል፤ ማግኔቱ አሰልችቷታል፤ ብረት በያጁ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። አፏ ሚስማር ሞልቷል።

«ጋሼሽ መጣ?» ሲሉ እናቲቱ ከውስጥ ተሰሙ። የቁልፉን ድምፅ ሰምተዋል፤ ለልጃቸው ሊወጡ ቸኩለዋል። ኳ። የቀሩት ሦስቱ ጎማዎችም የሉም ማለት ነው። ኳ።

ስፖንጅ ከስፖንጁ ክምር ላይ ተወረወረ።

ሶፋ ሠሪዋ ሚስማሩን መዳፏ ላይ የምትተፋበት ጊዜ አልነበራትም። ወለሉ ላይ እፍ ብላ በተነችውና «ቆይ» አለች። አልጮኸችም፤ ሴትዮዋ እንዳስተማረቻት ነው ያለችው። ስፖንጅ የፊት እግሮቹን አንስቶ ነበር። ለቅጽበት አየር ላይ ቀሩ፤ ቀስ ብሎ አወረዳቸውና ከመደገፊያው ፊት ተቀመጠ። እናቲቱም ቆሙ። «ቆይ» የተባሉት እሳቸው የሆኑ ያህል እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

ወንድሟ አንዴ ውሻውን፣ አንዴ እናቱን ተመለከተ።

«አትንቀሳቀሱ» አለች ሶፋ ሠሪዋ። ሚስማሩ ዙሪያውን ተበትኗል፤ ከስፖንጅ መዳፍ ሥር፣ ከእናቷ ነጠላ ጫማ ፊት። «ጋሼ፣ መዶሻውን አቀብለኝ። ያንን ሳይሆን ማግኔቱን። አንተም በዚያ በኩል ልቀም።»

የከባድ መኪናው ሹፌር ንጹሕ ሱሪውን ሳያስብ ተንበረከከ። ከእናቱ እግር ሥር፣ ከዚያም ከውሻው እግር ሥር አንድ አንዱን መልቀም ጀመረ። እጁ አፍንጫው ሥር ሲያልፍ ስፖንጅ አሸተተው፤ ጭራው ወለሉን ጠረገ፤ ግን አልተነሳም። አንድ ሚስማር መዳፉ ጠርዝ ላይ ነበረች። ወንድሟ የውሻውን እግር ብድግ አድርጎ አነሳት፤ እግሩንም መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ ነው የተማረው?» አለ ወደ ላይ ሳያይ።

«ገና አልጨረሰም።»

«አንቺስ?»

እናቲቱ ቀደሙ። «እሷማ ከጅምሩም አላለፈችም። አፏን አላየህም?»

ወንድሟ የለቀመውን ሚስማር ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረና ቆመ። ጉልበቱን አራገፈ። «ለዘበኛው ሌላ ፈልግ እለዋለሁ» አለ። «ግን እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ ባገኝሽ እንጃ። ያኔ የምወስደው መዶሻሽን ነው።»

«ማግኔቱን ውሰደው» አለች። «እሱን በደስታ።»

እናቲቱ እግራቸው ደከማቸው። «አሁን ልለፍ ወይስ እንደዚህ ልኑር?» አሉ። ሶፋ ሠሪዋ ወለሉን ደግማ በማግኔቱ ዳበሰችው፤ አንዲት ሚስማር ከሶፋው ሥር ወጥታ ተጣበቀች። ከዚያ ስፖንጅን «ና» አለችው፤ በአፏ። መጣ። እናቷም በባዶ ብረቱ ኳ፣ ኳ እያሰኙ፣ ማንም ሳያስቆማቸው፣ ወደ ልጃቸው ሄዱ።